ከዝና ይልቅ መዋያ፦ የሐዋሳ ታዳጊዎችና የስሜት ደኅንነታቸው

«ፋራ» መባል ለአንድ የሐዋሳ ተማሪ ከዝቅተኛ ውጤት በላይ ሊያም ይችላል። ስድቡ የሚመዝነው ግን ጠባይን ሳይሆን ደረጃን ነው። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያም ከዚህ ይነሣል፤ የታዳጊን የስሜት ደኅንነት ይበልጥ የሚወስነው በእኩዮቹ ዘንድ ያለው ዝና ሳይሆን «የምውልበት፣ የምፈለግበት ቦታ አለኝ» ብሎ ማመኑ ነው። በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት 164 ታዳጊዎችን በ13 እና በ14 ዓመታቸው በሁለት ሚዛን ለክተዋል። እኩዮቻቸው ቅዳሜ ማታን ከማን ጋር ማሳለፍ እንደሚወዱ ተጠየቁ፤ ታዳጊዎቹ ደግሞ ምን ያህል ተቀባይነት እንዳላቸው እንደሚሰማቸው ተናገሩ። ተቀባይነት አለን ያሉት በብዙዎች ባይመረጡም ውለው አድረው ደኅና ሆነው ተገኙ። ይበልጥ የተጎዱት ሳይመረጡ ቀርተው ቦታም የለንም ያሉት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ሌላ ጥናትም በ15 ዓመታቸው የጠበቀ ጓደኝነት የነበራቸው በ25 ዓመታቸው ማኅበራዊ ጭንቀታቸው ቀንሶ፣ የዝነኞቹ ግን ጨምሮ መገኘቱን አሳይቷል።

የአሜሪካ ውጤት ለሐዋሳ ምን ይፈይዳል የሚል ይኖራል። ልዩነት በእርግጥ አለ፤ እኛ ዘንድ ይሉኝታ አለ። ይሉኝታ ሰው ሳይፈርድ ፍርዱን ቀድሞ መስማት ስለሆነ፣ በስሜትና በእውነታ መካከል ያለውን ክፍተት ያሰፋዋል እንጂ አያጠበውም። በአንጻሩ ከተማዋ ከክፍል ውጭ ብዙ መዋያ አላት፤ ሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ የመዘምራን ቡድኑ፣ የሰፈር ኳሱ አለ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ በዓል በፍቼ ጨምበላላ፣ ጉዱማሌ በተባለው አደባባይ ቄጣላ የተባለውን ባህላዊ ጭፈራ የሚጨፍር ልጅ፣ ክፍል ውስጥ ስሙን የሚያነሣ ባይኖር እንኳ እዚያ የሚጠብቁት አሉት።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይከብዳል፤ ስሜትን ማስቀደም የተገለለውን ልጅ «ችግሩ ያንተው ሐሳብ ነው» እንደማለት አይሆንም ወይ? ማስረጃው ይህን አይደግፍም። መገለሉና የመገለል ስሜቱ ሲገናኙ ጉዳቱ እንደሚብስ ያሳየው ያው የመጀመሪያው ጥናት ነውና፣ ማግለልና ማሸማቀቅ በትምህርት ቤት ሕግ መገታት አለባቸው። ሕግ ስድብን ያስቆማል፤ ጓደኛ ግን አይሰጥም። ተማሪን ለጥናት ብቻ አንድ ለአምስት በቡድን ማደራጀትም ጓደኝነትን አይተካም። ስለዚህ ስም ጠሪ መምህር ዝም ያለውን ተማሪ «ስንት ጓደኛ አለህ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «ከማን ጋር ትውላለህ?» ይበለው፤ መልስ ካጣ፣ ሥራው ከዚያ ይጀምራል።