ቀለም ግንብ አይሆንም፦ የለንደን የአውቶቡስ መስመር ለብስክሌተኞች ያስተማረው

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2013 ለንደን ውስጥ በሁለት ሳምንት ጊዜ ስድስት ብስክሌተኞች በትራፊክ አደጋ ሞቱ። ከገጯቸው ተሽከርካሪዎች መካከል ከባድ የጭነት መኪኖችና አውቶቡሶች ይገኙበታል።

ከተማዋ ለብስክሌት ምንም አልሠራችም እንዳይባል፣ ከሦስት ዓመት በፊት ጀምሮ በዋና ዋና ጎዳናዎቿ ላይ «የብስክሌት አውራ ጎዳና» ብላ ሰማያዊ ቀለም ስትቀባ ቆይታለች። ከስድስቱ ሞት አንዱ የደረሰው ይኸው ሰማያዊ መስመር በሚያልፍበት በቦው አደባባይ ነው። በዚያው አደባባይ በ2011 መገባደጃ ላይም ሁለት ብስክሌተኞች ሞተው ነበር።

ብስክሌተኛው ከአውቶቡስና ከጭነት መኪና ጎን፣ መሀላቸው ከቀለም በቀር ምንም ሳይኖር እንዴት ተገኘ? መልሱን ለማግኘት ሰማንያ ዓመት ያህል ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1934 በብሪታንያ መንገዶች ላይ 7,343 ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ሌስሊ ሆር-ቤሊሻ በምዕራብ ለንደን፣ ዌስተርን አቬኑ በሚባለው ጎዳና ዳር 4 ኪሎ ሜትር የሚሆን ለብስክሌት ብቻ የተለየ መንገድ መረቁ። ጭብጨባ የጠበቀ ሰው ካለ ተሳስቷል። የአገሪቱ ትልቁ የብስክሌተኞች ማኅበር ራሱ ሐሳቡን ተቃወመ። ስጋቱ ቀላል ነው፦ «ዛሬ የራሳችሁን መንገድ ያዙ ካሉን፣ ነገ ከዋናው ጎዳና ውጡ ይሉናል።» ስጋቱ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ሆኖም ከጦርነቱ በኋላ መኪና እንደ አሸን ሲፈላ ብስክሌተኛው የሚከራከርለት ዋና ጎዳና የመኪና ሆኖ ቀረ፤ የተለየ መንገድ የመሥራቱ ሐሳብም በአብዛኛው ተረሳ።

ኔዘርላንድስ ሌላ መንገድ መረጠች። በ1971 በዚያች ትንሽ አገር ወደ 3,300 ሰዎች በትራፊክ አደጋ ሲሞቱ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች «የሕፃናት ግድያ ይቁም» ብለው አደባባይ ወጡ። በ1973 የነዳጅ ቀውስ ሲጨመርበት መንግሥት ጆሮውን ሰጠ፤ በየከተማው ከመኪና የተለየ የብስክሌት መንገድ መሥራትም ተያያዘ።

ለንደን ደግሞ በዚያ ዘመን ሐሳቧ አውቶቡስ ላይ ነበር። ፓሪስ በ1964 ለአውቶቡስ ብቻ የተከለለ መስመር ከጀመረች በኋላ፣ ለንደንም በፌብሩዋሪ 1968 በቮክስሆል ድልድይ ላይ የመጀመሪያውን አሰመረች። ዓላማው ግልጽ ነው፦ ሰባና ሰማንያ ሰው የጫነ አውቶቡስ አንድ ሰው ከያዘ መኪና ጀርባ ተሰልፎ እንዳይውል። ለብስክሌተኛ ተብሎ የተሰመረ አልነበረም። ብስክሌተኛው የገባው በኋላ፣ በምልክት ሰሌዳው ላይ የብስክሌት ሥዕል ሲጨመር ነው። ለከተማ አስተዳደር ከዚህ የረከሰ መፍትሔ የለም፤ መሬት አይጠይቅ፣ ከመኪና ቦታ አይቀንስ።

እንግዳው ግን ብስክሌተኛው ብቻ አልነበረም። ታክሲዎችም ተፈቀደላቸው። በ2009 ሞተር ብስክሌቶች በዋና ዋና ጎዳናዎች በሙከራ ገቡ፤ በ2012 ፈቃዱ ቋሚ ሆነ። ከዚህም በላይ ብዙዎቹ መስመሮች የሚሠሩት በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ብቻ ነበር። ሰዓቱ ሲያልፍ ማንኛውም መኪና መንዳት፣ አንዳንድ ቦታም መቆም ይችላል። በሌላ አነጋገር ብስክሌተኛው ጥበቃ የሚያገኘው በሰዓት ተወስኖ ነው።

እውነቱን ለመናገር መስመሩ ምንም አልጠቀመም ማለት ግፍ ይሆናል። ከሁለት ረድፍ ፈጣን መኪና መሀል ከመጋፋት፣ በየጥቂት ደቂቃው አንዴ አውቶቡስ የሚያልፍበት ሰፊ መስመር ይሻላል። ብዙ የለንደን ብስክሌተኞችም ወደውት ነበር። ችግሩ የሚታየው አውቶቡሱ ሲደርስ ነው።

ስሌቱን እንየው። የአንድ አውቶቡስ ስፋት 2.55 ሜትር ነው። የብሪታንያ የመንገድ ደንብ ዛሬ አሽከርካሪ ብስክሌተኛን ሲያልፍ ቢያንስ 1.5 ሜትር እንዲርቅ ይመክራል። የብስክሌት እጀታ ደግሞ ከግማሽ ሜትር ይበልጣል። ሲደመር ከ4.5 ሜትር በላይ ሆነ፤ ብስክሌተኛው ከመንገዱ ጠርዝ የሚርቀው ገና አልተቆጠረም። ሦስት ሜትር በሆነ መስመር ላይ ይህ አይቻልም። ስለዚህ ወይ አውቶቡሱ ከኋላ እየተከተለ ሰባ ሰው ያዘገያል፣ ወይ ብስክሌተኛውን ወደ ጠርዙ እየገፋ ያልፈዋል። አውቶቡሱ አልፎ ፌርማታ ላይ ይቆማል፤ ብስክሌተኛው ደግሞ እሱን ለማለፍ ወደ ቀኝ፣ ወደ ፈጣኑ መስመር ይወጣል። (በዚያ አገር የሚነዳው በግራ ነው።) ከመቶ ሜትር በኋላ አውቶቡሱ መልሶ ይደርስበታል። እስከ ሥራ ቦታው ድረስ ሲተላለፉ ይውላሉ።

በዚህ ላይ ዝናብ ይጨመርበት። ለብዙ ቀን ደርቆ የቆየ አስፋልት ላይ አቧራ፣ የዘይት ጠብታና የጎማ ፍቅፋቂ ተከማችቷል። የመጀመሪያው ካፊያ ሲነካው ሳሙና ይሆናል። የብረት የፍሳሽ ክዳን፣ የተቀባ መስመርና የረገፈ ቅጠል ሁሉ ያንሸራትታሉ። ጠርዙን በሚይዝ የድሮው ዓይነት ፍሬን ላይ ደግሞ የመጀመሪያው የጎማ ዙር ውሃውን ከመጥረግ አያልፍም፤ መያዝ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የመኪናም ጉዳይ እንዲሁ ነው፤ በእርጥብ መንገድ ላይ ለመቆም የሚፈጀው ርቀት ቢያንስ እጥፍ ይሆናል።

ውሃ የሚተኛው፣ ጉድጓድ የሚደበቀውና ስባሪ ጠርሙስ የሚጠራቀመው ደግሞ ከመንገዱ ጠርዝ ነው። ብስክሌተኛው ከዚያ ሸሽቶ ወደ መሀል ልግባ ሲል ከኋላው ከአሥር ቶን በላይ የሚመዝን አውቶቡስ አለ። በደረቅ ቀን ጥቂት መንገዳገድ በሳቅ ያልፋል። በዝናብ ቀን ግን ያው ስህተት ሰውን ከጎማ ሥር ይጥላል።

የ2010ሩ ሰማያዊ ቀለም ይህን ሁሉ አልቀየረም። በብዙ ቦታ የተቀባው ነባሩ የአውቶቡስ መስመር ላይ ወይም ከመኪናው ጋር በሚጋሩት ጠርዝ ላይ ነበር። ቀለሙ ብቻውን በሕግ ፊት ትርጉም የለውም፤ አሽከርካሪን አትግባ አይልም። በ2013 የሞቱን ምክንያት የመረመሩት ኮሮነር ያሳሰባቸውም ይኸው ነው፦ ቀለሙ ብስክሌተኛውን ጥበቃ ያለው መስሎት እንዲዘናጋ ያደርጋል።

ከዚያ በኋላ ለንደን መንገዷን ቀየረች። ከቦው ወደ መሀል ከተማ የሚወስደው ያው ጎዳና በ2016 በድንጋይ ጠርዝ ተከልሎ እንደገና ተሠራ። ፌርማታው ላይ የብስክሌቱ መንገድ ከተሳፋሪዎች ጀርባ ዞሮ እንዲያልፍ ተደረገ። ይህም የራሱን ቅሬታ አመጣ፤ በተለይ ዓይነ ስውራን ወደ አውቶቡሱ ለመድረስ የብስክሌት መንገድ መሻገር ግድ ሆነባቸው። የአውቶቡስና የብስክሌት መተላለፍ ግን እዚያ ላይ አበቃ። በ1934 ተሞክሮ በኋላ የተተወው ሐሳብ ከሰማንያ ዓመት በኋላ፣ የሰው ሕይወት ተከፍሎበት ተመለሰ።

ጉዳዩ ለአዲስ አበባ ሩቅ አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መንገዶች ተሠርተዋል። ሰኔ ሲገባ የከተማዋ ቁልቁለት ከአፈርና ከጠጠር ጋር ጎርፍ ይለቅበታል፤ ክዳኑ የተነሳ ጉድጓድም ከውሃው ሥር ይደበቃል። ስለዚህ ጥያቄው ስንት ኪሎ ሜትር ተሠራ የሚለው ብቻ ሊሆን አይገባም። ከመኪናው የሚለየው ጠርዝ ነው ወይስ ቀለም? መገናኛው ላይ ሲደርስ ይቀጥላል ወይስ ብስክሌተኛውን ለመኪና አስረክቦ ይጠፋል? ዝናብ ሲጥል ውሃው የሚሄደው ወዴት ነው? መኪና ወይም ሞተር ሲገባበት የሚጠይቅ አለ?

ለንደን እነዚህን ጥያቄዎች የጠየቀችው ከቀብር በኋላ ነው። ዘግይቶ ለጀመረ ከተማ አንድ ዕድል አለው፤ ከሌላው ሐዘን መማር። በበጋ ፀሐይ የተቀባ መስመር ሁሉ ያምራል፤ የሚፈተነው ግን በሐምሌ ነው።