ከያቤሎ እስከ ሜጋ፦ ቲኬት የማይቆረጥለት ቅርስ

ከያቤሎ በማለዳ ተነስቶ ወደ ሞያሌ የሚወርድ መኪና በመንገዱ ላይ የሚቆመው ለሻይና ለፍተሻ ነው። ርቀቱ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ነው። ግራና ቀኙ ቀይ አፈር፣ ግራር፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የምስጥ ኩይሳ። "እዚህ ምን አለ?" ብሎ የሚተኛ ተሳፋሪ አይጠፋም።

እንግሊዞች እሑድ ከከተማ ወጥተው የመሳፍንት ቤት ሲያዩ የመዋል ልማድ አላቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግብሩና የጥገናው ወጪ የከበዳቸው ባለርስቶች በራቸውን ለሕዝብ መክፈት ጀመሩ፤ ሎንግሊት የተባለው ቤት በ1949 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ጎብኚው ከፍሎ ይገባል፣ የአያት ቅድመ አያቶቹን ሥዕል አይቶ ይወጣል። ቦረና ላይ እንዲህ ያለ ቤት የሚፈልግ ባዶ እጁን ይመለሳል። እዚህ ቅርሱ ያለው ከመሬት በታች ነው።

ዱብሉቅ ላይ ከአስፋልቱ ወረድ ያለ ሰው የሚያገኘው ቱላን ነው። ቱላዎቹ ዘጠኝ ናቸው፤ "ቱላ ሰግላን" ይባላሉ። ከብቱ ወደ ገንዳው የሚወርድበት ረጅም መንገድ ከላይ ጀምሮ ተቆፍሯል። ከገንዳው በታች ደግሞ ሰዎች አንዱ ከሌላው በላይ ተደርድረው ባልዲ ይቀባበላሉ፤ ሙሉው ይወጣል፣ ባዶው ይወርዳል፣ ምቱን የሚጠብቀው ዜማው ነው። "የሚዘፍኑ ጉድጓዶች" የሚለው የአስጎብኚዎች ስም ከዚህ መጣ። ስሙ ያምራል፣ ግን ዋናውን ነገር ይሸፍናል። ዋናው ነገር ሕጉ ነው። ጉድጓዱን መጀመሪያ ያስቆፈረው ሰው መብት በትውልድ ይወርዳል፤ ባለመብቱ አባ ኮንፊ ይባላል። የማን ከብት በየትኛው ቀን፣ በስንተኛ ተራ እንደሚጠጣ የሚያስተዳድረው ደግሞ አባ ሄሬጋ ነው። የቱላ ውሃ በገንዘብ አይሸጥም። ጉልበት ያላዋጣ ግን ተራ አለኝ ማለት ይከብደዋል።

ሕጉ የሚታደሰው በየስምንት ዓመቱ በጉሚ ጋዮ ነው፤ ጉባኤው ስሙን ያገኘው ከቱላዎቹ አንዱ ከሆነው ከጋዮ ነው። የቦረና ታሪክም የሚቆጠረው በዚሁ ስምንት ዓመት ነው። ኩራ ጃርሶ በ2009 ዓ.ም. ሥልጣን ሲረከቡ 71ኛው አባ ገዳ ነበሩ። ከእሳቸው በፊት የነበሩት 70 በስምንት ሲባዙ 560 ዓመት ይሆናል፤ ወደ ኋላ ሲቆጠር ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በዙፋን ላይ ከነበሩበት ዘመን ይደርሳል። የመጀመሪያዎቹ ዘመናት ከአፈ ታሪክ ጋር መደባለቃቸው አይቀርም። ቢሆንም ብራና ሳይኖር ይህን ያህል የስም ዝርዝር በቃል የያዘ ማኅበረሰብ "ታሪክ የሌለው ቆላ" ተብሎ ሲታለፍ መኖሩ ያሳፍራል። ዩኔስኮ የገዳ ሥርዓትን የመዘገበውም በዚያው በ2009 ዓ.ም. ነው።

ከዱብሉቅ ወደ ደቡብ ሲኬድ ኤል ሶድ አለ፤ ጥልቅ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ፣ ከሥሩ ጥቁር የጨው ሐይቅ። ጨውን ሰው ያወጣዋል፣ አህያ ዳገቱን ያወጣዋል። ቁልቁለቱ ቀላል ነው፤ ጎብኚ የሚፈተነው ሲመለስ ነው።

ሜጋ ሌላ ዓይነት ታሪክ አላት። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና እንግሊዝ የኬንያን ድንበር ሲዋዋሉ መስመሩ ቦረናን ለሁለት ከፈለው። ተዋዋዮቹ ግን አንድ ነገር መካድ አልቻሉም፦ በመስመሩ ግራና ቀኝ ያሉ ሰዎች እንደ ቀድሞው በሌላው በኩል ማሰማራትና ከጉድጓዶቹ መጠቀም እንዲችሉ በውሉ ተጻፈ። እንግሊዝ ሜጋ ላይ ቆንስላ ከፈተች። ከቆንስሎቹ አንዱ አርኖልድ ሆድሰን በደቡብ ኢትዮጵያ ያሳለፈውን ሰባት ዓመት በ1927 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አድርጎ አወጣው፤ በኋላ የዛሬዋ ጋና ገዢ እስከመሆን ደረሰ። በየካቲት 1933 ዓ.ም. ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ጦር በብርድና በዝናብ ተዋግቶ ሜጋን ከጣሊያን አስለቀቀ። ቆንስሉም ጣሊያኑም ሄዱ። ከብቱ ተራውን ጠብቆ መጠጣቱን ቀጠለ።

እስከ መቼ ነው ጥያቄው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ዱብሉቅ ከብታቸው ያለቀባቸው አርብቶ አደሮች የተጠለሉባት ከተማ ሆነች። ይህ የሆነው ለድርቅ መጠባበቂያ ከሚባለው ቱላ አጠገብ ነው። ቱላ ውሃ ይሰጣል እንጂ ሣር አያበቅልም። የሄሬጋ ሕግ ደግሞ የውሃ ብቻ ሳይሆን የሣርም ሕግ ነበር፦ በክረምት ከብቱ በኩሬ ውሃ ራቅ ብሎ ይሰማራል፣ በቱላ ዙሪያ ያለው ግጦሽ ለበጋ ያርፋል። በበጎ ሐሳብ በየቦታው የተቆፈረው የሞተር ጉድጓድ ሰውና ከብት ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ እንዲቆይ ሲያደርግ የሚያርፍ ሣር ይጠፋል። ፓምፑን የሚተክለው መሥሪያ ቤት መሐንዲስ ይልካል፤ አባ ሄሬጋን ቀድሞ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ከሰዓት በኋላ ወደ ያቤሎ የሚመለስ መኪና ዱብሉቅ ላይ ደግሞ ቢቆም አብዛኛው ከብት ጠጥቶ ሄዷል። የቀሩት ሰዎች ገንዳውን በጭቃ እየለሰኑ ነው፤ ነገ ሌላ ተረኛ አለ።