ተራራና መሪው፤ ከፎገራ ሜዳ እስከ ጉና ራስ

ከወረታ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ምድሪቱ በደረጃ የታነጸች ትመስለዋለች። መነሻው ጥቁር የዋልካ አፈር የለበሰው፣ በክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ በከብት እርባታውና በኋላም በሩዝ አዝመራው ስሙ የገነነው የፎገራ ሜዳ ነው። ከሜዳው በላይ ዓለም በር፣ ከዓለም በር በላይ የደብረ ታቦር ደጋ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የጉና ተራራ ይገኛል። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖረው የጉና ራስ ከ4100 ሜትር ያልፋል። በዚህ በሁለቱ መካከል ያለው 2300 ሜትር ያህል ልዩነት የዝናቡን፣ የአዝመራውን፣ የልብሱንና የበሽታውን ዓይነት የሚለውጥ ነው። ስለዚህም ከሜዳው ወደ ተራራው መውጣት በማናቸውም ዘመን ቢሆን ዝግጅት የሚጠይቅ ጉዳይ ሆኖ ኖሯል። የዝግጅቱ ታሪክ ሲመረመር ግን ከስንቅም፣ ከልብስም፣ ከመሣሪያም የሚቀድም አንድ ነገር እንዳለ ይታያል። ይኸውም አገሩን የሚያውቅና የአገሩ ሰው የሚያምነው መሪ ነው።

በአሥራ ዘጠነኛው ምእተ ዓመት በፎገራ ዳርቻ የነበሩት ይፋግና ደሪጣ በንግድ የታወቁ ቦታዎች ነበሩ። ይፋግ ገበያም ኬላም ነበረች፤ አሞሌ ጨው ጭነው የሚመጡ ነጋዴዎች ቀረጥ እየከፈሉ ያልፉባት ነበር። ነጋዴ መንገድ የሚወጣው ብቻውን አልነበረም። በቅፍለት ተሰባስቦ፣ ልምድና ተሰሚነት ላለው ነጋድራስ ታዝዞ ይጓዝ ነበር። ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ስለሚቆርጡት፣ ዋልካውም የጭነት ከብት እግር ይዞ ስለማይለቅ፣ ረጅሙ ጉዞ መስከረም እስኪጠባና ወንዞቹ እስኪጎድሉ ድረስ ይቆይ ነበር። መቼ መነሣት፣ የት ማደር፣ በየትኛው መልካ መሻገር እንደሚገባ የሚወስነው የመሪው እውቀት ነበር። ይህ እውቀት በመጽሐፍ የተጻፈ አልነበረም። ከአባት ወደ ልጅ፣ ከጌታ ወደ አሽከር የሚተላለፍ፣ በእግር የተማሩት ትምህርት ነበር።

ከሜዳ ወደ ደጋ መውጣት ለነጋዴ የትርፍ ጉዳይ ሲሆን ለሠራዊት የሕይወት ጉዳይ ሆኖ የተገኘበት ጊዜም አለ። በ1858 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ በጣና ዳርቻ በቆራጣ ሠፍሮ ሳለ የኮሌራ በሽታ ሠራዊቱን አጠቃው። ንጉሡም ሠፈሩን ነቅሎ ወደ ቤጌምድር ደጋ ወጣ። የሐይቁ ዳር በበሽታ፣ የደጋው አየር በጤና መታወቃቸው የአገሬው የቆየ እምነት ስለነበር፣ መውጣቱ ሽሽት ሳይሆን መድኃኒት ነበር።

በዚያው ንጉሥ ዘመን ማብቂያ ላይ ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ሌላ የተራራ ጉዞ ተደረገ። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የነበሩት አውሮፓውያን የእጅ ሠራተኞች ከኢትዮጵያውያን ረዳቶቻቸው ጋር ሆነው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አቀለጡ። ክብደቱ 70 ኩንታል ያህል ነው። ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥሎ መስከረም 30 ቀን 1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲነሣ ይህን የሚያህል ብረት በሠረገላ እያስጎተተ ነበር። በፊቱ የሠረገላ መንገድ አልነበረም። ስለዚህ መንገዱ እየተሠራ፣ ሠራዊቱም እየተከተለ መጓዝ ግድ ሆነ። አለቱ ተፈለጠ፣ ገደሉ ተደለደለ፣ በየዳገቱ ብዙ መቶ ሰዎች በገመድ ሳቡ። የዘመኑ ምስክሮች እንደጻፉት ንጉሡ ራሱ ከማለዳ እስከ ምሽት ድንጋይ በእጁ እያነሣ ከሠራተኛው ጋር ይውል ነበር። እንዲህ እየተባለ የጋይንት ዳገት ተወጣ፤ የጂታ ገደል ተወርዶ ተወጣ፤ ደላንታ ታለፈ፤ በሽሎ ተሻገሩ። መድፉም በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሰ። ጉዞው ስድስት ወር ሊሞላው የቀረው ጥቂት ቀን ብቻ ነበር።

በምሕንድስና ዓይን ሲታይ ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ሠረገላው፣ መንገዱ፣ ገመዱና የሰው ጉልበት ሁሉ ተዘጋጅተዋል። የጎደለው አንድ ነገር ነበር። በዘረፋና በቅጣት የተማረረው የቤጌምድር ገበሬ ከንጉሡ ርቆ ነበር። መንገዱ የሚያልፍበት አገር በአብዛኛው ሸፍቷል፤ ስንቅ በፈቃድ የሚያቀርብ፣ ወሬ በእውነት የሚነግር ሰው ጠፍቷል። ሠራዊቱም በየቀኑ እየከዳ ይመነምን ነበር። የአገሩ ልጅ የሆነው ንጉሥ በገዛ አገሩ ተራራ ላይ እንደ እንግዳ ሆነ።

በዚያው ወራት በሌላ አቅጣጫ የተጓዘው ሠራዊት ታሪክ ለንጽጽር ይጠቅማል። በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር ዙላ ላይ ከመርከብ ወርዶ እስከ መቅደላ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተራራማ አገር አቋረጠ። ተዋጊው 13 ሺህ ያህል ሲሆን፣ ከባድ መሣሪያውን የሚሸከሙ 44 ዝሆኖች ከሕንድ አስመጥቶ ነበር። ነገር ግን መንገዱን የከፈቱለት ዝሆኖቹ ብቻ አልነበሩም። ጦሩ ገብሱንም፣ ገለባውንም፣ የጭነት ከብቱንም በማሪያ ቴሬዛ ብር እየከፈለ ይገዛ ነበር፤ ከትግራዩ ካሳና ከዋግሹም ጎበዜ ጋርም ተስማምቶ ነበር። ወራሪው የአገሬውን መሪነት በብርና በስምምነት አገኘው፤ ንጉሡ በቁጣ አጣው። ሚያዝያ 3 ቀን በእሮጌ በተደረገው ውጊያ የንጉሡ ሠራዊት ተሸነፈ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ እጁን ላለመስጠት ራሱን ሠዋ። ያን ያህል የተደከመለት ሴባስቶፖል ግን ዛሬም በመቅደላ ይገኛል። የመድፉ ስም በታሪክ ሲጠራ ይኖራል፤ አለቱን የፈለጡት፣ ገመዱን የሳቡት፣ የውኃውን መልካ ያመለከቱት ሰዎች ስም ግን አልተመዘገበም።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ብዙ ተለውጧል። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ዓመታት በቻይናውያን ርዳታ የተሠራው መንገድ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በጋይንት በኩል ወልድያ ይደርሳል። ወረታም የሦስት አቅጣጫ መገናኛ ሆነች፤ አንዱ መንገድ ወደ ጎንደር፣ አንዱ ወደ ባሕር ዳር፣ አንዱ ወደ ደጋው ይወጣል። ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር ያለው 42 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በመኪና አጭር ጉዞ ነው። በዚህ ምክንያት ጉናን በአንድ ቀን ወጥቶ መውረድ ለተማሪም፣ ለመምህርም፣ ለጎብኚም የሚቻል ሆኗል። የመኪናው ፍጥነት ግን አንድ አደጋ ይዞ መጥቷል። የጥንቱ መንገደኛ በዝግታ ሲወጣ ሰውነቱ ከአየሩ ጋር ይለማመድ ነበር፤ የዛሬው ግን ቁርሱን በሜዳው በልቶ ቀትር ሳይሆን በውርጩ አገር ይገኛል። በጉና ራስ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ግፊት 60 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የትንፋሽ ማጠር የሚመጡት ከዚህ ነው።

ስለዚህ አስተዋይ ተጓዥ ጊዜውን ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው የበጋ ወራት ይመርጣል። ከቆላማው ወገን የመጣ ከሆነ አንድ ሁለት ሌሊት በደብረ ታቦር ያድራል። በሶና ቆሎ፣ በቂ ውኃ፣ ለእግር የለመደ ጫማ፣ ለራስ መሸፈኛ፣ ለብርዱ ጋቢ ያዘጋጃል። ጎሕ ሳይቀድ ይነሣል፤ ጭጋግ ሳይወርድ ለመመለስ ያስባል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን መሪውን ይይዛል፤ ዋጋውንም ሳይነሣ ይስማማል። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጎብኚ በአካባቢው መሪና በጠባቂ ታጅቦ መሄዱ የታወቀ ልማድ ነው። ለጉናም የሚሻለው እንዲሁ ነው። መሪው ቀስ ብሎ ሲራመድ የሚከተለው ሰው መቅደም የለበትም፤ የጓዱ ፊት ገርጥቶ ባየ ጊዜ «እንመለስ» ካለም ቃሉ ሊከበር ይገባል። ራስ ምታቱ የበረታበት ሰው መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው፤ ጫፍ ሳይደርሱ መመለስም ነውር አይደለም።

መሪው የሚያሳየው የእግር መንገዱን ብቻ አይደለም። ገብስና ድንች እየወጡ የተራራውን ሣር ምን ያህል እንደገፉት፣ የጓሳው ሣርና ጅብራው የቀሩት የት እንደሆነ፣ ምንጮቹ በየትኛው ወር እንደሚደርቁ ያሳያል። ርብና ጉማራ ከዚሁ ከጉና ተነሥተው ፎገራን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ተራራው ሲራቆት አፈሩ ከውኃው ጋር ይወርዳል፤ የወንዙ ወለል በደለል ይሞላል፤ ሜዳው ይጥለቀለቃል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም የደረሰው ጎርፍ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። የጉናን ራስ የማያውቅ የፎገራ ሰው የራሱን ወንዝ ምንጭ አያውቅም ማለት ነው።

እንግዲህ ከወረታም ሆነ ከሌላ ቦታ ተማሪዎቹን ይዞ ጉናን ሊወጣ የሚያስብ መምህር፣ ሥዕል ሊሥል ወይም ዜማ ሊሰበስብ የሚነሣ የጥበብ ሰው፣ ከስንቁ ጋር አንድ ደብተር ቢይዝ ሥራው ይሰምራል። መሪው የሚጠራቸውን የሸንተረር፣ የምንጭና የመልካ ስሞች፣ ከእያንዳንዱም ስም ጋር የሚነገረውን ነገር ይጻፍበት። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ግን መሪው ከፈቀደ የመሪው ስም ይስፈር። በ1860 ዓ.ም. ሳይጻፍ የቀረው እርሱ ነውና።