የሞተረኛ ልብስ ከየት መጣ? ሄልሜት እንዲደረግ የታገለው ሐኪም ታሪክ

"ዶክተር፣ ልጃችን ሞተር ገዝቶ አሁን ደግሞ ክፍለ ሀገር ድረስ በሱ እሄዳለሁ ይላል። ብንከለክለው አልሰማ አለ። ምን አልብሰን እንላከው?" የሚል ጥያቄ ከወላጆች ይደርሰኛል። ከዕቃ ዝርዝር በፊት አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ የትኛው ልብስ ለምን እንደሚጠቅም ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ አላገኘሁም።

በሜይ 1935 እ.ኤ.አ. "የአረቢያው ሎውረንስ" በሚል ስም የሚታወቀው ቲ. ኢ. ሎውረንስ በደቡብ እንግሊዝ፣ ዶርሴት ውስጥ ሞተሩን እየነዳ ነበር። ብስክሌት የሚነዱ ሁለት ልጆች ድንገት ከፊቱ ሲያገኝ እነሱን ላለመግጨት ሲል ከሞተሩ ተወርውሮ ወደቀ። ሄልሜት አላደረገም። ራሱን እንደሳተ 6 ቀን ቆይቶ በ46 ዓመቱ አረፈ።

ሊያክሙት ከተጠሩት አንዱ አውስትራሊያዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሂዩ ኬይርንስ ነበር። ሰውየውን ማዳን አልቻለም፤ ግን ነገሩን በዚያ አልተወውም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር እንግሊዝ ከአየር ድብደባ ለመጠንቀቅ መብራቷን አጠፋች። መልእክት የሚያደርሱ ወታደሮች በጨለማ ሞተር መንዳት ጀመሩ። ከጦርነቱ በፊት በነበሩት 21 ወራት 1,884 ሞተረኞችና ከኋላ የተፈናጠጡ ሰዎች ሞተው ነበር። በጦርነቱ የመጀመሪያ 21 ወራት ቁጥሩ 2,279 ደረሰ።

ኬይርንስ በ1941 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ባወጣው ጽሑፍ ሞተረኞችን በብዛት የሚገድለው የጭንቅላት ጉዳት መሆኑን አሳየ። ካያቸው አደጋዎች ሄልሜት ያደረጉት 7 ብቻ ነበሩ፤ ሰባቱም ተርፈዋል። ሰባት ሰው ትንሽ ቁጥር ነው፤ ዛሬ እንዲህ ያለ ጥናት ቢቀርብልን "ጨምሩበት" እንል ነበር። ሠራዊቱ ግን አልጠበቀም፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ በሥራ ላይ ያሉ ሞተረኞቹ ሁሉ ሄልሜት እንዲያደርጉ አዘዘ። ለሲቪሉ ሕዝብ ግዴታ የሆነው በ1973 ነው። ኬይርንስ በ1952 ስለሞተ ያንን ቀን አላየም።

ዛሬ ቁጥሩ ተጨምሮበታል። ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲገመገሙ፣ ሄልሜት የመሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ተገኝቷል።

ሥራውን የሚሠራው ውጪው ጠንካራ ሽፋን ብቻ አይደለም። ከውስጥ ያለው ፎም በግጭቱ ጊዜ ይጨፈለቃል፤ ሲጨፈለቅ ጭንቅላቱ በአንዴ ከመቆም ይልቅ ቀስ ብሎ እንዲቆም ጊዜ ይሰጠዋል። ይህ ፎም የሚያገለግለው ለአንድ ግጭት ነው። ስለዚህ አደጋ ያየ ሄልሜት ከውጪ ደህና ቢመስልም ይቀየር፤ ታሪኩን የማታውቁትን ያገለገለ ሄልሜት አትግዙ። ማሰሪያው ያልተቆለፈ ሄልሜት ደግሞ መጀመሪያ በርሮ የሚሄደው እሱ ነው። ወላጆች ለጫማ የምንሠራውን "ሲያድግ ይበቃዋል" ለሄልሜት እንዳትሠሩት። ከኋላ የሚፈናጠጠውም የራሱ ያስፈልገዋል፤ ኬይርንስ ከጠቀሳቸው ሟቾች መካከል እነሱም አሉ።

የልብሱ ታሪክ ሌላ ነው። ወፍራም ቆዳ የተመረጠው አስፋልት ላይ ሲንሸራተቱ ሥጋን ከመፋቅ ስለሚያድን ነው፤ አጥንትን ግን ከስብራት አያድንም። እንግሊዛዊው ተወዳዳሪ ባሪ ሺን በ1975 አሜሪካ፣ ዴይቶና ላይ በከፍተኛ ፍጥነት ወድቆ ጭኑን፣ ክንዱንና ጎድኖቹን ከተሰበረ በኋላ የጀርባ መከላከያ ላይ መሥራት ጀመረ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የጣሊያኑ ዳይኔዜ ለገበያ አቀረበው። ስለዚህ ጃኬት ስትገዙ ትከሻውን፣ ክርኑንና ጀርባውን በእጃችሁ ዳሱ፤ መከላከያ ካልገባበት ጌጥ ነው።

ለረጅም መንገድ የሚሆነው ልብስ የመጣው ከሁሉም ዘግይቶ ነው። በ1983 አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ አንዲ ጎልድፋይን የተባለ ሰው ከተለመደው ልብስ ላይ የሚደረብ፣ ዝናብ የማያስገባ፣ መከላከያ የገባበት አንድ ወጥ ልብስ ሠራ። በረጅም ጉዞ ብርድና ድካም ራሳቸው የአደጋ መነሻ ናቸው፤ የደነዘዘ ጣት ፍሬን ለመያዝ ይዘገያል። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ጣርማ በርን አልፎ ሸዋ ሮቢት የወረደ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ላይ ሲንቀጠቀጥ የነበረው ታች ላብ ያጠምቀዋል። ያኔ ብዙዎች ጃኬቱን አውልቀው ከኋላ ያስሩታል፤ ከዚያ በኋላ ቢወድቁ የሚከላከልላቸው ቲሸርት ብቻ ነው። ስለዚህ መከላከያው ያለበትን ከላይ፣ ሹራቡን ከውስጥ ያድርግ፤ ሲሞቀው የሚያወልቀው ሹራቡን ይሁን። ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማና መዳፉ ወፍራም የሆነ ጓንትም ይጨምር፤ ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚዘረጋው እጁን ነው።