ብርሃን ተከታይ ሞተር

ብርሃን ተከታይ ሞተር ከብርሃን ዳሳሾች (ሴንሰሮች) በሚያገኘው መረጃ እየተመራ ወደ ብርሃን ምንጭ የሚዞር የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። በአንዳንድ ፀሐይ ተከታይ የሶላር ሰሌዳዎች ላይ ይሠራበታል። በትምህርት ተቋማት ደግሞ ተማሪዎች የግብረ መልስ ቁጥጥርን በተግባር እንዲማሩ ያገለግላል።

ታሪክ

የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪው ዊሊያም ግሬይ ዋልተር እ.ኤ.አ. በ1948 እና በ1949 በእንግሊዟ ብሪስቶል ከተማ ኤልመርና ኤልሲ የተባሉ የኤሊ ቅርፅ ያላቸው ሮቦቶችን ሠራ። እያንዳንዳቸው አንድ የብርሃን ዳሳሽ፣ አንድ የንክኪ ዳሳሽ፣ ሁለት ሞተሮችና ሁለት የቫኩም ቱቦዎች ብቻ ቢኖሯቸውም ብርሃን ፈልገው ይሄዱ ነበር። ቫለንቲኖ ብራይተንበርግም እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የግራው ዳሳሽ የቀኙን ጎማ፣ የቀኙም የግራውን እንዲያፈጥን ከተያያዘ ተሽከርካሪው ወደ ብርሃኑ እንደሚዞር፣ ሽቦዎቹ ካልተሻገሩ ግን ከብርሃኑ እንደሚሸሽ አስረድቷል።

አሠራር

ለክፍል ሙከራ የተለመደው ዳሳሽ ብርሃን ሲበዛበት የኤሌክትሪክ ሬዚስታንሱ የሚቀንስ ነው። ሁለት ዳሳሾች በሞተሩ ዘንግ ላይ በተገጠመ ትንሽ ሰሌዳ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸውም ጥላ የሚጥል ቀጭን ግድግዳ ይቆማል። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ግድግዳው አንዱን ዳሳሽ ያጠላበታል።

ዳሳሾቹ በተከታታይ ተያይዘው 5 ቮልት ሲሰጣቸውና እኩል ብርሃን ሲያገኙ፣ በመገናኛቸው ላይ የሚለካው 2.5 ቮልት ገደማ ነው። አርዱዊኖ ኡኖ ከ0 እስከ 5 ቮልት ያለውን ከ0 እስከ 1023 ባሉ ቁጥሮች ስለሚያነብ ሚዛኑ 512 አካባቢ ይሆናል። ንባቡ ከዚህ ከፍ ሲል ፕሮግራሙ ሞተሩን ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ዝቅ ሲል ወደ ተቃራኒው ያዞረዋል። ለምሳሌ ከ492 እስከ 532 ባለው ክልል ሞተሩ እንዲቆም ይደረጋል፤ አለዚያ ሳያርፍ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል።

የኡኖ አንድ ፒን ከ40 ሚሊ አምፔር በላይ መስጠት ስለሌለበት ሞተር በቀጥታ አይያያዝበትም። በመካከላቸው እንደ ኤል293ዲ ያለ የሞተር መንጃ ቺፕ ይገባል።

የማስተማር ቅደም ተከተል

፩. ተማሪዎች ሞተሩን ሳያያይዙ አንዱን ዳሳሽ በእጅ ይሸፍናሉ። ቮልቴጁ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል የሚለውን አስቀድመው ይጽፉና በመልቲሜትር ያረጋግጣሉ።

፪. በአንድ ዓይነት ብርሃን ሥር ንባቡን ይመዘግባሉ። የአንድ ዓይነት ዳሳሾችም ፍጹም እኩል ስለማይሆኑ፣ በፕሮግራሙ የሚገባው ሚዛን 512 ሳይሆን የተለካው ቁጥር ነው።

፫. ፍጥነት ቀናሽ ማርሽ ያለው ሞተር አያይዘው በባትሪ መብራት ይሞክራሉ።

በሦስተኛው ደረጃ ሞተሩ ከብርሃኑ የሚሸሽበት ጊዜ አለ። ይህ የዳሳሽ ብልሽት ሳይሆን የግብረ መልሱ አቅጣጫ መገልበጥ ነው፤ ሞተሩ ልዩነቱን በማጥበብ ፈንታ ያሰፋዋል። የሞተሩን ሁለት ሽቦዎች በማቀያየር ይስተካከላል። የዳሳሾቹ ሽቦ ከዘንጉ ጋር ስለሚዞር እንዳይጠመዘዝና እንዳይበጠስ የሞተሩ ዙር በግማሽ ክብ ይገደባል።