ያልዋሉ ቀኖች በመዝገብ

ሰው የማያውቀውን ቀን ባዶ ትቶ ማለፍ ይከብደዋል። ስለዚህም ለስሌት፣ ለመዝገብ ወይም ለምሳሌ ያህል ሲባል በእውነት ያልዋለ ቀን መጻፍ የቆየ ልማድ ነው። ይህ ልማድ ምን ጥቅምና ምን መዘዝ እንዳለው በአጭሩ እንመለከታለን።

የሥነ ፈለክ ሊቃውንት «ጃንዋሪ 0» የሚል ቀን ይጽፋሉ። ይኸውም የዲሴምበር 31 ሌላ ስም ሲሆን፣ የዓመቱን ቀኖች ለመቁጠር እንዲያመች የተደረገ ነው። አንባቢው ስሌት መሆኑን ወዲያው ስለሚረዳ ማንንም አያሳስትም።

የፌብሩዋሪ 30 ነገር ግን ከዚህ ይለያል። በአውሮፓ ዘንድ የማይሆን ቀን ምሳሌ ሆኖ ይጠቀሳል፤ ዳሩ ግን ስዊድን የዘመን አቆጣጠሯን ለማስተካከል በ1712 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ቀን በእርግጥ አውላዋለች። በእኛ አቆጣጠር ደግሞ የካቲት 30 በየዓመቱ ይውላል። እንግዲህ በአንዱ ዘንድ የማይሆን የመሰለው ቀን በሌላው ዘንድ ተራ ቀን ነው ማለት ነው።

ኮምፒዩተር ከመጣ ወዲህ ጉዳዩ ከበደ። 80 ዓምድ ባለው ካርድ ላይ ቦታ ለመቆጠብ ቀን በስድስት አኃዝ ይጻፍ ነበር፤ የመዝገብን መጨረሻ ወይም ያልታወቀን ቀን ለማመልከትም ዘጠኝ ቁጥርን መደርደር የተለመደ ነበር። ከዚህ የተነሣ ሴፕቴምበር 9 ቀን 1999 እ.ኤ.አ. ሲደርስ ብዙዎች ሠጉ። ቀኑ ግን ከዜሮ ጋር 090999 ተብሎ ስለሚጻፍ ከምልክቱ ጋር ሳይምታታ በሰላም አለፈ። ያ ዕለት በእኛ ጳጉሜን 4 ቀን 1991 ዓ.ም. ነበር፤ ለ12 ወር ብቻ የተሠራ ፕሮግራም ይህን እውነተኛ ቀን «ስሕተት» ብሎ ይመልሰዋል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከጥፋቱ ነፃ አይደለም። በአንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞችን መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ስናስገባ፣ የትውልድ ቀኑ በማኅደሩ ለማይገኝ ሁሉ መስከረም 1 ቀን እንጽፍ ነበር። ከዓመታት በኋላ በሰኔ ወር የተወለዱ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ከጊዜያቸው ዘጠኝ ወር ቀድመው በጡረታ ተሰናበቱ። አዛውንቱ ቢያመለክቱም ከቃላቸው ይልቅ እኛ የፈጠርነው ቀን ታመነ፤ በዕለተ እንቁጣጣሽ የተወለደውን ቀኑ ካልታወቀው የሚለይ ምልክት አላኖርንምና።

ስለሆነም ያልታወቀ ቀን «አልታወቀም» ተብሎ ይመዝገብ። ለምሳሌ የሚጻፍም ቀን ምሳሌነቱ በግልጽ የሚታይ ይሁን። ትክክለኛ የሚመስል ሐሰት ከባዶ ቦታ ይልቅ ሰውን ይጎዳልና።