የካፔንጉሪያ ሩጫ

ካፔንጉሪያ በኬንያ ታሪክ ቀድማ የታወቀችው በሩጫ አልነበረም። የእንግሊዝ ቅኝ ገዥዎች ጆሞ ኬንያታንና አምስት ጓዶቻቸውን እ.ኤ.አ. በ1952 ለፍርድ ለማቅረብ ሲነሡ፣ ከናይሮቢ ሕዝብ ዓይን የራቀ ስፍራ ሲፈልጉ ያገኙት ይህችን የምዕራብ ፖኮት ከተማ ነበር። ርቀቷ ለገዥዎቹ ተመቻቸው። አካባቢው ያለ ፈቃድ የማይገባበት «የተዘጋ አውራጃ» ሆኖ ሲተዳደር ስለኖረ፣ ትምህርት ቤቱም መንገዱም ዘግይተውበታል።

ነጻነት ግን ይህን አልሻረውም። የኬንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣው አሥረኛው የፖሊሲ ሰነድ የልማት ገንዘብ ብዙ ምርት በሚያስገኝ ለም ምድር ላይ እንዲውል ወሰነ፤ አርብቶ አደሩ ቆላ ተራውን እንዲጠብቅ ተተወ። እ.ኤ.አ. በ1979 ኢዲ አሚን ሲወድቁ ደግሞ፣ በኡጋንዳ ሞሮቶ ከተማ የነበረው የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ተዘረፈና የከብት ዘረፋው ከቀድሞው እጅግ የከፋ እልቂት የሚያስከትል ሆነ።

ቴግላ ሎሩፔ እ.ኤ.አ. በ1973 የተወለደችው በዚህ ምድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የኒው ዮርክን ማራቶን በማሸነፍ ከአፍሪካ ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። ዝናዋንና ሀብቷን ይዛ ወደ ትውልድ ስፍራዋ ተመልሳም፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በስሟ የሚጠራውን የሰላም ፋውንዴሽን መሠረተች። የፖኮት፣ የቱርካና፣ የካራሞጆንግና የሌሎችም ጎሣዎች ወጣቶች፣ እስከዚያ ድረስ እርስ በርስ የሚተያዩት በአፈሙዝ አሻግረው የነበሩት፣ በአንድ መንገድ ላይ ተሰለፉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በካፔንጉሪያ 2,000 ያህል ተዋጊዎች አብረው ሮጠዋል። ይህን የሚያህል ጉባኤ አንድ የመንግሥት ሹም በትእዛዝ ሊጠራ ይችል እንደነበር እጠራጠራለሁ። የጠራቻቸው ሴት መሆኗ ደግሞ፣ ሴት በተዋጊዎች ሸንጎ ብዙም በማትደመጥበት አገር፣ ቀላል ነገር አይደለም።

ሆኖም ጠመንጃውን የጣለ ወጣት ማን ይጠብቀዋል? በኡጋንዳ ካራሞጃ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በተካሄደው ትጥቅ የማስፈታት ዘመቻ፣ መሣሪያቸውን ያስረከቡት ባልፈቱ ጎረቤቶቻቸው ሲወረሩ ሠራዊቱ በበቂ ሁኔታ አልደረሰላቸውም። ሩጫ ጠላትን ከጠላት ያስተዋውቃል፤ ፖሊስ ጣቢያ፣ የውሃ ጉድጓድና ፍርድ ቤት ግን አያቋቁምም። አንጋፋው ኪፕቾጌ ኬይኖ በኤልዶሬት ወላጅ አልባ ሕፃናትን ከባለቤታቸው ጋር ሲያሳድጉና ትምህርት ቤት ሲከፍቱም እንዲሁ ነው፤ ለእነዚያ ልጆች ሁሉ ነገር ሆነዋል፤ ልጆቹን ያበዛውን ድህነት ግን የአንድ ቤት አጥር አይገታውም።

ሎሩፔ እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሊምፒክ የመጀመሪያውን የስደተኞች ቡድን መርታለች። ከ10ሩ ስፖርተኞች 5ቱ በቱርካና ምድር ካለው የካኩማ መጠለያ የወጡ ደቡብ ሱዳናውያን ሯጮች ሲሆኑ፣ በሉክሰምበርግ የሚኖረው ኢትዮጵያዊው የማራቶን ሯጭ ዮናስ ክንዴም ከመካከላቸው ነበር። ዓለም አጨበጨበላቸው፤ ወደ ኬንያ ሲመለሱም ስደተኞች ነበሩ።

የ1965ቱን አሠራር የነካው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ2010 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ሕገ መንግሥት። ሕጉ አገሪቱን በ47 ካውንቲዎች ከፍሎ፣ ወደ ኋላ ለቀሩ አካባቢዎች ውሃ፣ መንገድ፣ ጤናና መብራት የሚውል የማመጣጠኛ ፈንድ አቋቋመ። ካፔንጉሪያም የምዕራብ ፖኮት ካውንቲ መቀመጫ ሆናለች፤ የካውንቲው በጀት ክርክር ከእ.ኤ.አ. 2013 ወዲህ የሚካሄደው በዚያው በካውንቲው ምክር ቤት ነው።